ሁለት ቦታ የዋለ ቁልፍ

መቶ አለቃ ከዲሮ ገልቹ ከአሰላ ሲደርስ የደመቀ አስከሬን ከስንዴው ውስጥ ወጥቶ በመጋዘኑ ወለል ላይ ሸራ ለብሶ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ፣ ዘመኑ 1977 ነው። ሰሜኑ በረሃብ ያልቃል፤ አርሲ ግን ያን ዓመት ስንዴ ሰጥታለች። ስለዚህ በየማለዳው «ጫኑ፣ ላኩ» የሚል ስልክ ለየመንግሥት እርሻው ይደወላል። ከአሰላ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የጨፌ ቦኮ መንግሥት እርሻም ፋታ አልነበረውም። የጥገና ኃላፊው ደመቀ የሞተው በዚሁ ጥድፊያ መካከል፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው።

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ጓድ አስናቀ ከላንድሮቨሩ ሳይወርድ ተቀበለው።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ። አሻጥረኛው ተይዟል። የጫኞቹ አለቃ ነው፣ አብዶ የሚባል። ለክፍለ ሀገሩም ደውዬ አስታውቄያለሁ። ከእርስዎ የሚፈለገው ወረቀቱ ብቻ ነው።»

«ወረቀቱን ከመጻፌ በፊት ሟቹን ልየው» አለ ከዲሮ።

ከዲሮ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። በንጉሡ ጊዜ ፖሊስ የሆነ፣ በአብዮቱ ያልተባረረ፣ ያልተሾመም ሰው ነበር። የአርሲ ልጅ ስለሆነ ኦሮምኛም አማርኛም እኩል አፍ መፍቻው ነው። አንድን ጥያቄ በሁለቱም ቋንቋ የመጠየቅ ልማድ ነበረው። ሰው በአንዱ ቋንቋ አሳምሮ የዋሸውን በሌላው ሲደግመው ይደናቀፋል ብሎ ያምናል።

ሸራውን ገለጠ። የደመቀ አፍና አፍንጫ በስንዴ ተሞልቷል። የቀኝ እጁ ጣቶች ከራሱ በላይ አንድ ነገር ሊጨብጡ እንደተዘረጉ ደርቀዋል። በሱሪው ኪስ ውስጥ ፩ የሚል ቁጥር የተመታበት ክብ የአሉሚኒየም ምልክት የተንጠለጠለበት ቁልፍ ተገኘ። ከዲሮ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ሲያገላብጥ ቆየና ስለ ጎተራው የሚያስረዳው ሰው ጠየቀ።

ያስረዱት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ሣህሌ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል፤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንዴ ሲጠብቁ ብናኙ ደረታቸውን በልቶት ሦስት እርምጃ ተራምደው አንዴ ይቆማሉ። ዓይናቸው በልቅሶ ቀልቷል። «እንደ ልጄ ነበር» አሉ፣ ከዚያም በዝግታ አስረዱት።

የብረቱ ጎተራ ሁለት ጓጉንቸር አለው። አንዱ ከታች፣ ስንዴውን ከሥር ስቦ መኪና ላይ የሚተፋው ሞተር ማብሪያ ባለበት የብረት ሳጥን ላይ ነው። ሌላው አሥራ አምስት ሜትር ከፍታ ላይ፣ በመሰላል ተወጥቶ ወደ ስንዴው በሚገባበት የላይኛው በር ላይ ነው። የሞተሩ ቁልፍ ፩፣ የበሩ ቁልፍ ፪ ይባላል፤ ሁለቱም በግምጃ ቤቱ ቢሮ ግድግዳ ላይ በየሚስማራቸው ይሰቀላሉ። ስንዴው ሲረጥብ ይጋገራል። ያን ጊዜ አንድ ሰው በላይኛው በር ገብቶ በዶማ ይሰብረዋል። ሰው ውስጥ እያለ ሞተሩ ከተነሣ ስንዴው እንደ ውኃ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ሰውየውንም ይዞት ይሄዳል።

«ታዲያ ደመቀ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሳጥኑን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ነው የገባው» አለ ከዲሮ።

«አዎ። እሱ ጠንቃቃ ነበር።»

«ሲገኝም ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነበር?»

«እንደተቆለፈ።»

ከዲሮ መሰላሉን ራሱ ወጣ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጓጉንቸሩ ከነቁልፉ በማያያዣው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከቁልፉ ላይም ፪ የሚለው ምልክት ነፋስ ያወዛውዘዋል። አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። አስከሬኑን ሲያወጡ ከተቆፈረው ባሻገር ስንዴው ከዳር እስከ ዳር ወደ መካከል ሰርጉዶ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ሆኗል። ራሱ ተንዶ ቢሆን ኖሮ በአንድ ወገን ይከመር ነበር። ይህ ከሥር የተሳበ ነው። ሞተሩ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ያውም ቁልፉ በሟቹ ኪስ ውስጥ እያለ።

አብዶን ማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ አስረውት አገኘው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ነበር፤ ፊቱ በዱላ አብጧል። ከዲሮ አጠገቡ ጆንያ ላይ ተቀምጦ በኦሮምኛ አናገረው። አብዶ ምንም አልደበቀም። ሞተሩን ያስነሣው እሱ ነው። ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ጓድ አስናቀ ሁለተኛ የሞተር ቁልፍ አስቀርጾ ከሰጠው።

ምክንያቱን ሲናገር ከዲሮ ደጋግሞ አስቆመው፣ በደንብ ሊገባው ፈልጎ። ነገሩ እንዲህ ነው። የጥገና ሰዎች መጀመሪያ የሞተሩን ቁልፍ ይወስዳሉ፣ ቀጥለው የበሩን። ጫኞቹ ደግሞ ስንዴው ምን ያህል እንደቀረ በላይኛው በር ማየት ስላለባቸው መጀመሪያ የበሩን ይወስዳሉ፣ ቀጥለው የሞተሩን። ሁለቱ ወገኖች ባንድ ጊዜ የመጡ ዕለት አንዱ የሞተሩን ይዞ የበሩን ይጠብቃል፣ ሌላው የበሩን ይዞ የሞተሩን ይጠብቃል። የያዘውን የሚለቅ የለም፤ ለማን ብሎ ይልቀቅ፣ ሁሉም ታዟል። መኪናዎቹ ተሰልፈው ግማሽ ቀን የቆሙበት ጊዜ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለዚህ ያገኘው መድኃኒት ሁለተኛ ቁልፍ ነው። ለአብዶ የሰጠው ትእዛዝም አጭር ነበር፤ የሞተሩ ቁልፍ ቢጠፋም የበሩ ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ካለ ውስጥ ሰው የለም፣ ጫን፤ ስትጨርስ ሳጥኑን እንደነበረ ቆልፈው፣ ለማንም አታውራ።

«እና ረቡዕ ዕለት የበሩ ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ነበር?» ሲል ከዲሮ ጠየቀው፤ አሁን በአማርኛ።

«ነበር። ልጆቼ ይሙቱ፣ ነበር። ቢሮው ሰው አልነበረውም፤ እኔ ግን አየሁት። አንድ መኪና ጫንኩ። ደመቀ ለምሳ ሲጠፋ ከዘበኛው ጋር ወደ ላይ የወጣሁትም እኔ ነኝ። ስደርስ ቁልፉ እዚያ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጮህኩ። ይሄ ቁልፍ ታች ነበር፣ አሁን አይቼው ነበር ብዬ ጮህኩ። አብደሃል አሉኝ። አሁን እኔም አብጄ ይሆን እላለሁ።»

ከዲሮ ታች ያየው ቁልፍ ምን እንደሚመስል፣ ምንም ሳይተው እንዲነግረው ጠየቀ። አብዶ ምልክቱ የአሉሚኒየሙ እንዳልነበረ ነገረው። ካርቶን ነበር፤ የድሮው ተበጥሶ ቀይረውት ነው ብሎ አሰበ። ላዩ ላይ «በር» ይላል።

«ማንበብ ትችላለህ?»

አብዶ አንገቱን ደፋ። በመሠረተ ትምህርት የጀመረው ዘንድሮ ነው። ያየውን ሁሉ እንደ ልጅ ፊደል በፊደል ይቆጥራል፤ ያችን ቃል ግን ሳይቆጥር ባንድ ጊዜ አነበባት። ደስ ብሎት እንደነበር ተናገረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዲሮ ማስታወሻ ደብተሩንና እርሳሱን ሰጠው። አብዶ በታሰሩ እጆቹ ቀስ እያለ ጻፈ። በ፣ ር። ፊደሎቹ ወፍራምና ቀጥ ያሉ፣ እንደ ጋዜጣ ናቸው አለ፤ በእጅ የተጻፉ አይደሉም። ከ«በ» በስተግራ ደግሞ የሌላ ፊደል ቁራጭ ጫፍ ነበር፤ እሱን ግን አላወቀውም።

በዚያ ዘመን በ«በር» የሚያልቁና በየቢሮው የሚታተሙ ቃላት ሁለት ነበሩ። አንዱ «ሊቀ መንበር» ነው፤ እሱን በመቀስ የሚቆርጥ ሰው አንገቱን አብሮ ይቆርጣል። ሌላው «ማኅበር» ነው።

በበነጋው ከዲሮ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ የፋይል ቁም ሣጥኑን አስከፈተ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ተሻለች ከጽሕፈት መኪናዋ ቀና ብላ በፍርሃት ታየው ነበር። የሠራተኛ ማኅበሩ ፋይሎች ስድስት ናቸው፤ የአምስቱ ሽፋን ሙሉ ነው። የስድስተኛው ጥግ በመቀስ ተቆርጦ የቀረው ጽሑፍ «የሠራተኛ ማኅ» ብቻ ይላል፤ «ኅ»ም ቢሆን ጫፉ ጎድሏል። ከዲሮ ፋይሉን ወስዶ ስለ ቁርጡ ግን ለማንም አልነገረም። ተሻለችን የጠየቃት ሌላ ነገር ነው፤ ደመቀ በቅርቡ ያስጻፋት ወረቀት ነበር ወይ?

እሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት በሩን ዘጋች።

ደመቀ ከአንድ ወር በፊት ሦስት ገጽ ማመልከቻ አስጽፏት ነበር። ሁለቱን ገጾች ወሰደ። ሦስተኛውን ጽፋ ጠረጴዛዋ ላይ ትታ ለሻይ ወጥታ ስትመለስ አጣችው። ማን ገብቶ እንደነበር አታውቅም፤ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ለደመቀ ስትነግረው አልተቆጣም፣ ታኅሣሥ ሃያ በሚደረገው ስብሰባ ላይ በአፌ እናገረዋለሁ አላት። እሷ ግን ፈርታ የገጹ ፊደል የቀረበትን የካርቦን ወረቀት መሳቢያዋ ውስጥ ደበቀችው። አወጣችና ሰጠችው። ከዲሮ ካርቦኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ አነበበ፤ አንብቦ ሲጨርስ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ የደመቀን ሚስት ብርቄን ለማነጋገር ወደ ሠራተኞች ሰፈር ሄደ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ለቀስተኛው ግን ጥቂት ነው። በአሻጥር ስም የተጠራ ሞት ሰው ያስፈራል። ሁለቱን ገጾች እሷ ሰጠችው። ደመቀ የጻፈው ስለ ቁልፎቹ ነበር። ማንም ሰው፣ ለምንም ሥራ ቢሆን፣ መጀመሪያ የሞተሩን ቁልፍ ይውሰድ፣ ቀጥሎ የበሩን፤ ሲመልስ መጀመሪያ የበሩን፣ በመጨረሻ የሞተሩን። ሁሉም በአንድ ተራ ከወሰደ አንዱ ሌላውን ይዞ የሚያቆመው ነገር አይኖርም። ይህም እንዳይረሳ የበሩ ቁልፍ ከግድግዳው ይነሣና በሞተሩ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ሞተሩን ሳይከፍት፣ ሳያጠፋ የበሩን ቁልፍ የሚያገኝ እንዳይኖር።

«ይሄን ሁለት ጊዜ ለጓድ አስናቀ አቅርቧል» አለች ብርቄ። «አንደኛው ጊዜ ጊዜ የለንም አለው። ሁለተኛው ጊዜ ሥራ ለማጓተት ነው አለው።»

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ከዲሮ ጋሽ ሣህሌን በቢሯቸው አነጋገራቸው። ሞተሩ በተነሣ ሰዓት ወደ ዘር መጋዘን ሄደው እንደነበር ነገሩት። ጓድ አስናቀም አሰላ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ይህን ከዲሮ በስልክ አረጋግጧል። ከዚያ ከዲሮ እንደ ዋዛ ጠየቃቸው።

«የሞተሩ ቁልፍ እንዲቀረጽ ወደ አሰላ የተላከ ዕለት የበሩ ቁልፍ የት ነበር?»

«የት ይሆናል? ሚስማሩ ላይ ነዋ። ያን ዕለትም በማግሥቱም ከዚያች ሚስማር አልተነሣም። የምጠብቀው እኔ ነኝ።»

በኦሮምኛ ደገመላቸው። ጋሽ ሣህሌ አባታቸው ከሸዋ መጥቶ የሰፈረ ሰው ቢሆንም ኦሮምኛን ከከዲሮ ባላነሰ ይናገሩታል። አልተደናቀፉም። በሁለቱም ቋንቋ አልተነሣም አሉ።

አርብ ጠዋት ከዲሮ አሰላ ገበያ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ቀራጭ ሀሰኖን አገኘው። ሀሰኖ የእርሻውን ጉዳይ ያስታውሳል። ሾፌሩ የታሸገ ፖስታና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጥቶለት ነበር።

«ደብዳቤው አንድ ቁልፍ ይላል» አለ ሀሰኖ። «ፖስታው ውስጥ ግን ሁለት ነበር። ሁለቱንም ቀረጽኳቸው። መንግሥት ሲያዝ ማን ይጠይቃል? በማግሥቱ አራቱንም በዚያው ፖስታ መልሼ አሸግሁና ለሾፌሩ ሰጠሁት።»

ቅዳሜ ታኅሣሥ ሃያ፣ ደመቀ ሊናገርበት በነበረው ስብሰባ ፈንታ፣ ከዲሮ ሰዎቹን በእርሻው አዳራሽ ሰበሰበ። ጓድ አስናቀ ከፊት ተቀመጠ። ጋሽ ሣህሌ ካፖርታቸውን ደርበው በመስኮቱ በኩል፣ ተሻለች ከኋላቸው። ብርቄ ጥቁር ነጠላዋን አገልድማ ለብቻዋ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አብዶን ሁለት ዘበኞች በካቴና አመጡት።

ከዲሮ ቆሞ ሳይሆን ተቀምጦ ተናገረ።

«አብዶ ሞተሩን አስነሥቷል። አልካደም። ጥያቄው ውስጥ ሰው እንዳለ እያወቀ ነው ወይስ ሳያውቅ የሚለው ነው። የበሩን ቁልፍ ታች ሚስማሩ ላይ አየሁት ይላል። እናንተ ሁላችሁ ደግሞ ቁልፉ ከላይ፣ ከበሩ ጋር እንደነበር ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዋሽቷል ተባለ። እኔ ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። በዚያ መሰላል መጀመሪያ የወጣው አብዶ ነው። ሊዋሽ ፈልጎ ቢሆን ቁልፉን ከበሩ ነቅሎ ኪሱ ከትቶ ወርዶ ሚስማሩ ላይ ይሰቅለው ነበር፤ የሚያየውም አልነበረም። እሱ ግን ለራሱ የማይጠቅመውን ነገር ጮኾ ተናገረ። ውሸታም ሰው በራሱ ላይ እንዲህ አይመሰክርም። እንግዲህ አብዶ እውነት ከተናገረ አንድ ቁልፍ ባንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ውሏል። ይህ አይሆንም። የበሩ ቁልፍ ሁለት ነበር ማለት ነው።»

ጓድ አስናቀ ተቁነጠነጠ። እሱ ያስቀረጸው የሞተሩን ብቻ እንደሆነ ተናገረ፤ ካለ በኋላ ግን መናገር እንዳልነበረበት ገባው።

«ያውቁ የነበረው አንዱን ብቻ ነው፤ ይህንን አምናለሁ» አለ ከዲሮ። ፋይሉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «በሐሰተኛው ቁልፍ ላይ የተንጠለጠለው ምልክት የተቆረጠው ከዚህ ነው። የቆረጠው ሰው በእጁ መጻፍ አልፈለገም፤ የእጅ ጽሑፍ ባለቤቱን ይናገራል። የታተመ ፊደል ግን የማንም አይደለም። ብልህ ነው። አብዶ ማንበብ እንደጀመረ ግን አላወቀም፤ ምልክት መኖሩን አይቶ የሚያልፍ ሰው አድርጎ ነው የገመተው። የዚህን ሰው እውነት ያዳነችው ያቺ ቃል ናት።»

አብዶ ቀና አላለም።

«አሁን ማን ነው ወደሚለው እንምጣ። ይህን ሁሉ ድካም ያስፈለገው ለምንድን ነው? መሰላሉን መውጣት ለሚችል ሰው ሁለተኛ ቁልፍ ምን ያደርግለታል? ደመቀ ውስጥ ሲቆፍር ወጥቶ እውነተኛውን ቁልፍ ነቅሎ ማውረድ ይበቃው ነበር። ሐሰተኛ ቁልፍ ያስፈለገው መውጣት ለማይችል ሰው ነው። ደረቱ የማይፈቅድለት ሰው።»

ማንም ወደ መስኮቱ አልዞረም። የጋሽ ሣህሌ አተነፋፈስ ግን ለሁሉም ይሰማ ነበር።

«ጋሽ ሣህሌ፣ የበሩ ቁልፍ ያን ዕለትም በማግሥቱም ከሚስማሩ አልተነሣም ብለውኛል፤ በሁለት ቋንቋ። ቁልፉ ግን ያን ዕለት አሰላ፣ ሀሰኖ ሱቅ ውስጥ አድሯል። ሌላ ሰው ወስዶት ቢሆን ኖሮ ቁልፍ ጠፋ ብለው እርሻውን ያናውጡት ነበር። አልጮሁም። ምክንያቱም ቁልፎቹ በእርስዎ እጅ ስለሆኑ ፖስታውን ያሸጉትም፣ ሲመለስ ከሾፌሩ የተቀበሉትም እርስዎ ነዎት፤ ሁለተኛውን ቁልፍ የከተቱትም ያወጡትም እርስዎ ነዎት። አብዶ ሚስማሩን እያየ ሲጭንም ሦስት ሳምንት ተመልክተዋል። ረቡዕ ደመቀ ሁለቱን ቁልፎች ወስዶ ወደ ላይ ሲወጣ የቀረጹትን ሚስማሩ ላይ ሰቀሉና፣ አብዶ ሲመጣ እንዳይጠይቅዎ ወደ ዘር መጋዘን ሄዱ። ሞተሩ ሲቆም ተመልሰው አነሡት።»

ከዚያ ካርቦኑን አወጣና የጠፋውን ሦስተኛ ገጽ ነገራቸው። አምና ቃሲም የሚባል ጫኝ በዚሁ ጎተራ ውስጥ እግሩን አጥቷል። የሞተሩን ቁልፍ ሳይወስድ በራሱ ጥፋት ገባ ተብሎ ካሣ ተከልክሎ ተባረረ። ደመቀ ሮቤ ድረስ ሄዶ አነጋግሮት ነበር፤ ሰውየው አሁን ገበያ ዳር ጫማ ይሰፋል። ቃሲም የሞተሩን ቁልፍ ጠይቆ ነበር። ጋሽ ሣህሌ ሌላ ሰው እንደያዘው እያወቁ፣ መኪና ቆሟል ተብለው ሲጣደፉ፣ «ግድ የለም፣ ግባ» ብለው የበሩን ቁልፍ ሰጡት። አደጋው ሲደርስ በቁልፍ መውሰጃ ደብተሩ ላይ ቀኑን ወደ ኋላ መልሰው፣ የሞተሩን ሳይጠይቅ የበሩን ቁልፍ ብቻ ወሰደ ብለው አስፈረሙት፤ እሱ ሐኪም ቤት ራሱን ሳያውቅ ጣቱን ቀለም ነክረው።

«ደመቀ እርስዎን ሊያስቀጣ አልጻፈም» አለ ከዲሮ። «የቁልፎቹ ተራ ለምን መስተካከል እንዳለበት ማስረጃ ያደረገው ነው። እዚህ ላይ ‹ጥፋቱ የሰው ሳይሆን የአሠራሩ ነው› ይላል። ገጹን የወሰዱት ሰው አንብበውታል። የቀረጹት ቁልፍ ግን በእጄ የለም። ጥለውት ይሆናል።»

ጋሽ ሣህሌ ቀስ ብለው ተነሡ። የካፖርታቸውን የውስጥ ኪስ ፈትሸው አንድ ቁልፍ አወጡና፣ ሦስት እርምጃ ሄደው ቆመው፣ እንደገና ሄደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ካርቶኑን አቃጠልኩት» አሉ። «ቁልፍ ግን በዕድሜዬ ጥዬ አላውቅም።» እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሡ። «ለጡረታ አምስት ወር ነበር የቀረኝ። ጥፋቱ የአሠራሩ ነው ይላል እሱ፣ ልጅ ነው። ስብሰባ ላይ ሲነበብ ማን አሠራር ይሰማል? ሣህሌ የሚለውን ነው የሚሰሙት። አሻጥር ይሉታል። አሻጥር የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አይታችኋል። እንዳይናገር ለመንኩት፤ አይዞዎት ጋሼ፣ ምንም አይሆኑም አለኝ። እንዴት ያውቃል?»

ከዲሮ የአብዶ ካቴና እንዲፈታና ጋሽ ሣህሌ ወደ መኪናው እንዲወሰዱ አዘዘ።

ሰዉ ሲወጣ ጓድ አስናቀ ከዲሮን አዳራሹ ውስጥ አስቀረው። የሞተሩ ቁልፍ ጉዳይ ወረቀቱ ላይ ባይገባ እንደሚሻል፣ ገዳዩ ከታወቀ የቀረው ትርፍ እንደሆነ፣ አብዶም ተይዟል ተብሎ ለክፍለ ሀገሩ ስለተነገረ ባንዴ መልቀቅ እንደማያምር በዝግታ አስረዳው።

«ሁለቱ ቁልፎች በአንድ ፖስታ ነው የሄዱት» አለ ከዲሮ። «አንዱን ጽፌ ሌላውን መተው አልችልም።»

«ይጻፉት እንግዲህ» አለ አስናቀ። «ጽፈው ያዩታል።»

ጻፈው፤ አየውም። ሪፖርቱ አምስት ገጽ ሆኖ አሰላ ገባ፤ መዝገቡ ላይ የታየው ግን አራት ገጽ ነው። ጋሽ ሣህሌ ፍርዳቸውን ሳይሰሙ በክረምቱ እስር ቤት ውስጥ ደረታቸው ዘግቷቸው ሞቱ። አብዶ እንደገና ተይዞ፣ ጥፋቱ ቸልተኝነት ነው ተብሎ ሰባት ወር ታስሮ ተለቀቀ፤ እርሻው ግን መልሶ አልቀጠረውም። በሚያዝያ ለመንግሥት እርሻዎች ሁሉ አንድ ሰርኩላር ወጣ። ማንኛውም ሠራተኛ መጀመሪያ የሞተር፣ ቀጥሎ የበር ቁልፍ እንዲወስድ፣ የበሩ ቁልፍም በሞተሩ ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጥ ያዝዛል። አሠራሩን ያመነጨው ጓድ አስናቀ ነው ይላል፤ በዚያው ወር ወደ አዲስ አበባ ተሹሞ ሄደ። ከዲሮን ደግሞ ቆላ ወዳለችው ኦጎልቾ አዛወሩት።

ከመሄዱ በፊት ብርቄን ሊሰናበት ወደ ሠራተኞች ሰፈር ወጣ። ቤቱን እንድትለቅ ደብዳቤ ደርሷት ዕቃዋን እየጠቀለለች ነበር። ስለ ሰርኩላሩ ሰምታ እንደሆነ ጠየቃት፤ ሰምታለች። ዕቃዋን ትታ በሩ ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ መቶ አለቃ። ሰው መመርመር ያውቁበታል። ጋሽ ሣህሌ ድንኳኔ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጠው አልቅሰዋል። ከወንድሞቹ የበለጠ አልቅሰዋል። ያ ልቅሶ የውሸት ነበር?»

ከዲሮ ቢዋሻት ደስ ባለው ነበር። መልሱን ግን እሷም እንደምታውቀው ፊቷ ላይ አየ።

«አልነበረም» አላት። «የእውነት ነበር።»

ብርቄ ራሷን ነቀነቀች። «የውሸት ቢሆን በተሻለኝ ነበር» አለችና ወደ ውስጥ ተመልሳ ፍራሹን በገመድ ማሰር ጀመረች። ገመዱ አጠረባት። ከዲሮ ቆቡን ወንበር ላይ አስቀምጦ በአንደኛው ጫፍ ያዘላት፤ ጎትተው አብረው አሰሩት።